ሰማንያ ሰባተኛዋ መደብ

ዙቤዳ ስሟን በዓይኗ አይታዋለች። ስምንት ዓመት ሙሉ ለሰማትም ላልሰማትም ስትናገር የኖረችው ይህንኑ ነው።

«በዓይኔ አይቼዋለሁ! ኮምፒውተሩ ላይ ሰማንያ ሰባት ቁጥር ዙቤዳ አደም ይል ነበር። ከዚያ ወዲያ ያጠፋኝ ሐጂ ቀመር ነው። መደቤን የበላ እሱ ነው።»

ዙቤዳ ሮቤ እህል ተራ ጆንያ ሰፊ ናት። ባሌ የስንዴ አገር ነው፤ ስንዴ ባለበት ጆንያ አለ፣ ጆንያ ባለበት ደግሞ የተቀደደ አይጠፋም። አይጥ የቦረቦረውን፣ ከመኪና ሲወርድ የተተረተረውን ትሰበስባለች፣ በወፍራም መርፌ ጠቃቅማ ለመኸር ታደርሳለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትተዳደረው በዚሁ ነው። መሬት የላት፣ ከብት የላት። ያላት ሁለት እጅና አንድ ግትር አንደበት ነው።

በዘጠና ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የእህል ተራው ነጋዴዎች ማኅበር አቋቋሙና ቦታው በፕላን ተሸንሽኖ ለእያንዳንዱ መደብ ይሰጠው ተባለ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሐጂ ቀመር ስም ሲመዘግቡ የዙቤዳ ተራ ደረሰ። «ጆንያ ሰፊም ነጋዴ ሆነች?» ብለው ሳቁ። ሰውም ሳቀ። ሳቁ ሲያበቃ ግን በገዛ እጃቸው ጻፏት። ዙቤዳ መጻፋቸውን ረሳችው፤ ሳቁን አልረሳችም።

ፕላኑ ታትሞ ሲወጣ ሰማንያ ስድስት አለ፣ ሰማንያ ስምንት አለ። መሐሉ ባዶ ነው። ስም ዝርዝሩም ላይ የለችም። ባዶውን ቦታ «መተላለፊያ» አሉት። ሰማንያ ስምንትስ የማን ነው? የሐጂ ቀመር። መተላለፊያ አጠገብ ያለ መደብ ገበያተኛው ሁሉ በፊቱ ስለሚያልፍ ከማንም ቀድሞ ይሸጣል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ስምንት ዓመት ገበያው ዳር ካለው ቦይ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሰፋች። በክረምት ዝናቡና ብርዱ ከሳነቴ ተራራ በኩል ሲመጣ ራሷን በጆንያ ትሸፍናለች። ሰውም አህያም ጋሪም በሰማንያ ሰባት ላይ ሲተላለፍ እያየች፣ «እለፉ፣ እለፉ፤ በደረቴ ላይ ነው የምታልፉት» ትላለች። ሐጂ ቀመር በጠዋት «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ አንገቷን ወደ ጆንያዋ ትደፋለች። ሰላምታ አለመመለስ አላህ ዘንድ ወንጀል መሆኑን ታውቃለች። ታውቃለች፣ ግን አትመልስም።

ከሁለት ዓመት በፊት የሐጂ ሚስት ዙሀይራ ጎባ ሆስፒታል አረፈች። ገበያው ተዘግቶ ሰው በሙሉ ለቅሶ ወጣ። ሚዛን ያዡ ረዲ እንኳ፣ ከሰው ሁሉ የተኳረፈው ረዲ፣ ሄደ። ዙቤዳ ባዶው ገበያ መሐል ብቻዋን ተቀምጣ ስትሰፋ ዋለች። ክሩ ጆንያውን ሲያልፍ የሚያወጣው ድምፅ ለራሷ ይሰማት ነበር። ዙሀይራ ምንም አላደረገቻትም፤ እንዲያውም ዝናብ በመጣ ቁጥር «ነይ ግቢ፣ ትታመሚያለሽ» የምትላት እሷ ነበረች። ቢሆንም የእሱ ሚስት ናት።

በሁለት ሺህ ሰባት መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ረዲ ሚዛኑን ትቶ ወደ ቦዩ መጣ።

«አዴ ዙቤዳ፣ ሰማሽ? ገበያው በቆርቆሮ ሊሠራ ነው። ሰኞ በያጆቹ ይገባሉ። ዙሪያው ይታጠራል፣ በር ይገጠማል፣ ቁጥር የሌለው አይገባም።»

«እኔስ?»

«አንቺማ ከበሩ ውጪ ቆመሽ የሚወጣውን ጆንያ በዓይንሽ ትሰፊዋለሽ» ብሎ ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ወላሂ ዝርዝሩን አየሁት። ሁለት መቶ አስራ ስድስት ስም ነው፤ ከድሮው የተገለበጠ ነው። የለሽም። ፕላኑ ወንዶሰን ቤት ዛሬ እየተሳለ ነው፣ በስምንት ሰዓት መኪና ለኅትመት ሻሸመኔ ይላካል።»

ዙቤዳ መርፌዋን ጆንያው ላይ እንደሰካችው ተነሳች።

ወንዶሰን የደብረ ብርሃን ሰው ነው። ለማስተማር ሮቤ መጥቶ፣ አግብቶ ቀረና በጎባ መንገድ ዳር ንድፍ ቤት ከፈተ። የዘጠና ዘጠኙን ፕላንም የሳለው እሱ ነው። ዙቤዳ በሩን ገፍታ ስትገባ ሁለት እጁን ብብቱ ውስጥ ከትቶ፣ ስክሪኑን እያየ፣ ብርድ እንደመታው ሰው ተቀምጧል።

«አዴ ዙቤዳ! ይግቡ… አይ፣ እዚያው ይቁሙልኝ። ጠረጴዛውን እንዳይነኩብኝ።»

«አልነካብህም። ስሜን ጻፍ።»

«ከዝርዝሩ ውጪ ስም መጨመር አልችልም እኮ። ሐጂ ቀመር አንድ ቃል ይበሉኝና እጨምራለሁ።»

«ከእሱ ጋር አልነጋገርም።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

ዙቤዳ በሩን ዘጋችና ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። «ከዚህ አልነሳም። ፕላንህን በላዬ ላይ ተራምደህ ላክ። ሰዉ እንደሆነ በላዬ ላይ መራመድ ለምዷል።»

ወንዶሰን ተመልሶ ወደ ስክሪኑ ዞረ። ዙቤዳ ያን ጊዜ ነው ስክሪኑን ልብ ብላ ያየችው። ማንም ኪቦርዱን አይነካም። ከሥር ግን ፊደል ይጻፋል፣ ቁጥር ይጻፋል፣ ከላይ አራት ማዕዘን ይሳላል። ደግሞ ፊደል፣ ደግሞ ቁጥር፣ ደግሞ አራት ማዕዘን።

«ማነው የሚጽፈው?» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ኮድ ነው። ይህ የንድፍ ፕሮግራም ትእዛዝ የሚቀበለው ከኪቦርድ ነው። ሁለት መቶ ምናምን ጊዜ ያንኑ ቃል እየደጋገምኩ ከምጽፍ፣ በእኔ ፈንታ ቁልፍ የሚጫን ኮድ ሠራሁ። ቁልፉ በእውነት አይጫንም፣ ኮምፒውተሩ ግን የተጫነ ይመስለዋል። ሳል ይለዋል፣ ኢንተር፤ የአንዱን ጥግ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኢንተር፤ የሌላውን ጥግ፣ ኢንተር። ከዚያ የመደቡን ቁጥር ጽፎ ወደሚቀጥለው ያልፋል።»

«እጅ የሌለው ጣት በለኛ።»

«ጣትስ ይሁን፣ ዓይን የለውም። ፊቱ ምን እንደተከፈተ አያይም። ከፊት ባገኘው ገጽ ላይ ነው የሚጽፈው። አሁን ደብዳቤ ብከፍት ደብዳቤዬ ላይ ይጽፍልኛል። እጄን ብብቴ ውስጥ የከተትኩት ለምን ይመስልዎታል? ዛሬ መብራት ሁለቴ አቋርጦኝ እንደገና ከአንድ ነው የጀመርኩት።»

«ያኔም በዚሁ ነበር የሳልከው?»

«በዚሁ። ያኔማ ቀርፋፋ ነበር፣ አንዱ መደብ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር።»

ዙቤዳ ጥግ ላይ በጨርቅ ወደተሸፈነው አሮጌ ኮምፒውተር አየች። «ያ ነው የድሮው?»

«አዎ።»

«ክፈተው። የዘጠና ዘጠኙን ዝርዝር አውጣልኝ። እኔ በዓይኔ ያየሁትን አንተም በዓይንህ እይና ሐጂ ቀመር መቼ እንዳጠፋኝ ይናገር።»

«አዴ ዙቤዳ፣ ስምንት ዓመት ያለፈው ነገር…»

«ለአንተ አልፏል። እኔ ገና እዚያው ነኝ።»

ከበሩ እንደማትነሳ ስላወቀ ይመስላል፣ በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አንድ ዓይኑን ጥሎ ጨርቁን ገለጠ። አሮጌው ኮምፒውተር እንደ አስም በሽተኛ ሲያጓራ ቆየና ተከፈተ። ወንዶሰን ዝርዝሩን አገኘው። ዙቤዳ ተነስታ ከኋላው ቆመች። የቁቤውን፣ የላቲኑን ፊደል ከልጆቿ ደብተር ላይ ለቅማ የተማረችው ነው፤ ሌላ ብዙ አታነብም፣ ስሟን ግን የትም ቢጻፍ አትስተውም። ሰማንያ አራት። ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ስድስት።

ሰማንያ ሰባት ላይ ስም የለም። በስሙ ቦታ አር፣ ኢ፣ ሲ የሚሉ ፊደሎች አሉ፤ ከሥራቸው ቁጥሮች፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ደግሞ ቁጥሮች፣ መጨረሻው ላይ ሰማንያ ሰባት።

«የኔ በዜድ ነው የሚጀምረው» አለች ዙቤዳ። «ይኸው! አጥፍቶ ሌላ ጻፈበት! አየህ? አየህ?»

ወንዶሰን ወደ ስክሪኑ ተጠጋ፤ ፋይሉ መጨረሻ የተነካበትን ቀንና ሰዓት አወጣና አነበበው፤ ፕላኑን የሳለበት ዕለት ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሐጂ ይህን ኮምፒውተር ነክተውት አያውቁም» አለ ቀስ ብሎ። «ይሄ የኮዱ ጽሑፍ ነው፤ ሳል የሚለው ትእዛዝ። የእርስዎ መደብ ነው፣ አዴ ዙቤዳ። ፕላኑ ላይ መሳል ሲገባው እዚህ መጥቶ ተጻፈ።»

«ለምን?»

«ዝርዝሩ ከፊት ተከፍቶ ስለነበረ።»

«ማን ከፈተው?»

ወንዶሰን ሳያስበው ትከሻውን ዳሰሰ። ያን ስታይ የዘጠና ዘጠኙ ቀን ለራሷ መጣላት።

ያን ዕለት ከወንበሩ ኋላ ቆማ ስትቆጥር ነበር። ሰማንያ፣ ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ ሁለት። መደቦቹ አንድ በአንድ ሲሳሉ ደስ ብሏት ቆይታ፣ ሰማንያ ስድስት ሲደርስ ልቧ ፈራ። ዘልሎኝ ቢሄድስ? ያ ሳቅ እውነት ቢሆንስ? የወንዶሰንን ትከሻ ጨመደደችው። «ሳያልፈኝ ስሜን አሳየኝ!» «ቆይ አዴ ዙቤዳ፣ ትንሽ ይጨርስ…» «አሁን! አሁን አሳየኝ አልኩህ!» ጎረምሳ ነበር፣ አፈረ፣ ዝርዝሩን ከፈተ፣ ስሟን ፈልጎ አገኘው። ፕሮግራሙ ያገኘውን ስም ሰማያዊ ቀለም አለበሰው። «ይኸው፣ ይህ ሰማያዊው።» ጎንበስ ብላ ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች ፊደል በፊደል አነበበችው። «አልሐምዱሊላህ» አለች። ወንዶሰን ታላቅ እንደሚሸኝ ተነስቶ እስከ በሩ ሸኛት። በሁለት እጁ ጨበጣት። እሷም መረቀችው፣ ምርቃቷም ረዘመ።

ያን ጊዜ ስክሪኑን የሚያይ ማንም አልነበረም።

«ቀለም የለበሰ ቃል» አለ ወንዶሰን፣ «አንዲት ቁልፍ ስትነካ ይጠፋል፣ አዲሱ በላዩ ይጻፋል። ተመልሼ ስዘጋው ላስቀምጥ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ይሆናል። አዎ ብዬዋለሁ መሰለኝ። ሁልጊዜ አዎ እላለሁ።» እጁን ከኪቦርዱ አነሳ። «ጥፋቱ የኔ ነው። መክፈት አልነበረብኝም።»

ዙቤዳ አላለቀሰችም። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። ስሟን ስታነበው የነበረችበት ደቂቃ ስሟ የጠፋበት ደቂቃ ነው። ስምንት ዓመት «በዓይኔ አይቼዋለሁ» ያለችው ስትገድለው የነበረውን ነው።

«ሐጂ ጋ ደውል» አለች በመጨረሻ።

«ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ለማስታረቅ ሲቀመጡ ስልክ አይከፍቱም። እኔ ሄጄ እንዳልነግራቸው ይህን ትቼ መነሳት አልችልም። ይኸው አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። አዴ ዙቤዳ፣ እርስዎ ይሂዱና ወንዶሰን አጠፋው ይበሏቸው። በቃ። እኔ እሸከመዋለሁ።»

ወጣች።

መንገዱ እስከ መስጊዱ አጭር ነው። የዚያን ቀን ግን ረዘመባት። ሐጂ ቀመር በልተዋት ቢሆን ኖሮ ይሻላት ነበር። ወላሂ ይሻላት ነበር። የበላ ሰው ይረገማል፣ ለአላህ ይሰጣል፤ ራስን ለማን ይሰጧል? ወንዶሰን እንዳለው ልታደርግም አሰበች። ልጁ በአፉ እሸከመዋለሁ ብሏል። ማሽኑ አጠፋኝ ብትል ማን ይጠይቃታል? ትከሻውን ጨምድዳ እንደነበር ከእሷና ከእሱ በቀር ያየ የለም። ስሟ ይጻፋል፣ ሰኞ በበሩ ትገባለች፣ ሐጂ ቀመርም ባልበሉት መደብ በሌብነት ስላማቻቸው ይቅርታ ሳይጠየቁ ይቀራሉ። ስምንት ዓመት ቀርተው የለ።

እግሯ አንድ ጊዜ ቆመ። ከዚያ ሄደ።

ሐጂ ቀመር ከመስጊዱ አጥር ሥር ከአራት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠዋል። በአንድ በሬ የተጣሉ ሁለት የአጋርፋ ገበሬዎች ከፊታቸው ቆመዋል። ዙቤዳ መሐል ገባች።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ።»

ገበሬዎቹም ክርክራቸውን አቋረጡ። የእህል ተራን ወሬ የማያውቅ ሽማግሌ ሮቤ ውስጥ የለም። ሐጂ ቀመር ቀና ብለው አዩዋት። «ወአለይኩሙ ሰላም፣ ዙቤዳ» አሉ፣ ትናንትም ሰላም እንዳለቻቸው ሁሉ። «ነገያ? ሰላም ነው?»

«ነገያ አይደለም። ሐጂ፣ መደቤን በሉ ብዬ ስምንት ዓመት ስምዎን ሳጠፋ ኖርኩ። አልበሉም። ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ልጁን ካላሳየኸኝ ብዬ ትከሻውን ይዤ አስከፈትኩት፣ ማሽኑ ስሜ ላይ ጻፈበት።»

«ማሽን ምን አደረገ አለች?» አሉ አንዱ ሽማግሌ ጆሯቸውን ይዘው።

«ጣት አለው፣ ዓይን የለውም» አለች ዙቤዳ።

«እንደኔ ነዋ!» አሉ ዓይናቸውም የፈዘዘው ሽማግሌ። አንደኛው ገበሬ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

«ተቀመጪ» አሉ ሐጂ።

«አልቀመጥም፣ ጊዜ የለኝም። አሁንም ዝርዝሩ ላይ የለሁም። በስምንት ሰዓት ፕላኑ ይሄዳል፣ ሰኞ በሩ ይዘጋል። ከዚያ የምገባበት የለኝም። ይጻፉኝ ለማለት አፍ የለኝም፣ ግን ሌላ ቦታም የለኝም።» ወደ ሽማግሌዎቹም ዞረች። «የመጣሁት ለዚህም ነው፣ አልዋሽም።»

ሐጂ ቀመር ከካፖርታቸው ኪስ ስልካቸውን አወጡ፤ ከፈቱት፤ እስኪነሳ ጠበቁ።

«ወንዶሰን። በቦዩ በኩል የቀረ ቦታ አለ? … ይበቃል። አንድ ጨምር። ሁለት መቶ አስራ ሰባት፣ ዙቤዳ አደም። … አይ፣ ያንን ተወው፣ ነግራናለች። … በእኔ ኃላፊነት።»

ስልኩን አጥፍተው ወደ ኪሳቸው መለሱ። «ከቦዩ ጠርዝ በቀር የተረፈ የለም» አሏት። «ክዳኑ ግን ቆርቆሮ ነው።»

ዙቤዳ ቆመች። አሁን ይሰድቡኛል ብላ ጠበቀች። አሁን ዙሀይራን ያነሳሉ፤ አገር ሲመጣ አንቺ የት ነበርሽ ይላሉ፤ ብለው በገላገሏት። ሐጂ ቀመር ወደ ገበሬዎቹ ዞሩ።

«የት ደርሰን ነበር? በሬው ቦይ ውስጥ ሲገባ ማን አየ?»

ከዚያ ገና መቆሟን አዩና፣ «ሌላ ነገር አለ፣ ዙቤዳ?»

«የለም» አለች።

ነበረ።

መስቀለኛው ላይ ስትደርስ ወደ ታች ገበያውና የወንዶሰን ቤት ነው። ሰባት ሰዓት አልሞላም። ሄዳ ቁጥሯ መሳል አለመሳሉን ማረጋገጥ ትችል ነበር፤ እንደ ልማዷ ከወንበሩ ኋላ ቆማ። መብራት ሄዶበትስ ቢሆን? መኪናው ቀድሞ ቢነሳስ? አንድ ባጃጅ «ልውሰድሽ፣ እናቴ?» ብሎ ጮኸባት። በእጇ መልሳው ወደ ላይ ታጠፈች።

የሐጂ ቀመርን ቤት የማያውቀው የለም፤ አረንጓዴ በር ነው። አንኳኳች። የሐጂ ልጅ ኢፍቱ ልብስ ስታጥብ ኖሯል፣ አረፋ ያለበት እጇን ወደ ላይ ይዛ በክርኗ በሩን ከፈተች። ዙቤዳን ስታይ ደነገጠች።

«አዴ ዙቤዳ? አባባ የለም እኮ፣ መስጊድ ጋ ነው።»

«እሳቸውን አይደለም የፈለግኩት። ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»

«ያ ረቢ! ማን ሞተብን?» አለች ልጅቱ።

«እናትሽ።»

ኢፍቱ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በሩን የምትዘጋው መስሎ ነበር። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ውስጥ ገብታ ምንጣፍ ይዛ ወጣች፤ በረንዳው ላይ አነጠፈችው፤ ራሷም በአንዱ ጥግ ተቀመጠች። ዙቤዳ ጫማዋን አውልቃ፣ ሻርፗን እስከ ግንባሯ ስባ፣ ከፊቷ ተቀመጠች።

«አላህ ይዘንላት» አለች። «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ።»

«አሚን።»

ከዚያ ዙቤዳ ለቀስተኛ በመጀመሪያው ቀን የሚጠይቀውን ጠየቀች።

«ምን አግኝቷት ነው?»

ኢፍቱም ከመጀመሪያው ጀምራ፣ ሳል ከጀመራት ቀን አንስታ፣ ነገረቻት።